ለሂንዱዎች የተሰጠው ዜሮ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የከረመ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ከሥሩ «ጋሼ፣ ይህን እንዴት ያዩታል?» የሚል አንድ መስመር ጨምሮበታል። ጽሑፉ ሂንዱዎች ለዓለም ያበረከቱት ነገር የለም ይላል። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ይደረድራሉ፤ ቁጥሩ የዐረብ ነው፣ ሃይማኖቱ የጣዖት ክምር ነው፣ ዮጋ ስፖርት ነው፣ ባህሉ ከህንድ ድንበር አልወጣም፣ ያፈራው ነገር ቢኖር ሰውን በመደብ መከፋፈል ነው፣ ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ጋርማ ከነጭራሹ አይተዋወቅም። ከግርጌው ደግሞ ሰንጠረዥ ሠርተዋል። ግሪክ፣ ሮም፣ ቻይና፣ ዐረብ እያሉ በተራ አስቀምጠው ከአሥር ነጥብ ሰጥተዋል። ግሪክ 9 አግኝታለች። በሂንዱ ትይዩ ባለው ቤት ውስጥ የተጻፈው 0 ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ብዙ ዜሮ ሰጥቻለሁ፣ ከሰጠሁ በኋላ ተጸጽቼ ያረምኩትም አለ። ሂንዱ አይደለሁም፤ ታቦት አጅቤ ያደግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን የተሳሳተ እርማት ካየሁ እጄ አያርፍም። ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላስታውቅ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ደግሞም ህንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም፤ ቡድሂስቱ፣ ጃይኑ፣ ሙስሊሙ፣ ሲኩና ክርስቲያኑ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ጸሐፊው ሁለቱን ስም እያቀያየሩ ተጠቅመዋል፤ እኔ የሌላውን ለሂንዱ እንዳልሰጥ እጠነቀቃለሁ።

«1፣ 2፣ 3 እያልን የምንጽፈው የዐረብ ቁጥር ነው፤ ስሙ ይመሰክራል» ይላሉ። ስሙን ያወጡት አውሮፓውያን ናቸው፤ ከዐረቦች እጅ ስለተቀበሉት በአቀባዩ ጠሩት። ዐረቦቹስ ምን ይሉታል? የህንድ ቁጥር። የባግዳዱ ሊቅ አል ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ስለዚህ አቆጣጠር ያዘጋጀው ሥራ በላቲን ሲተረጎም ርእሱ ላይ የሰፈረው የህንዶች ስም ነው። ፊቦናቺ የምንለው የፒዛው ሊዮናርዶም በ1202 ለጣሊያን ነጋዴዎች ሲያስተምር «ዘጠኙ የህንዶች ምልክቶች» ብሎ ነው የጀመረው። ለእኛ ለሐበሾች ቀረብ የሚል ምስክር ከተፈለገ ደግሞ ሶርያዊ ጳጳስ አለ፤ ሳዊሮስ ሰቦክት ይባላል። በ662 በጻፈው ደብዳቤ፣ ከግሪክ ሌላ ዐዋቂ ያለ የማይመስላቸውን ሰዎች እየወቀሰ፣ ህንዶች በዘጠኝ ምልክት የሚያሰሉበት ዘዴ ከቃላት በላይ እንደሆነ ይናገራል። አል ኸዋሪዝሚ ገና አልተወለደም ነበር።

ይህ ጉዳይ ለምን ከባድ እንደሆነ በራሳችን አኃዝ ላሳይ። የግእዝ አኃዝ መልኩን የወረሰው ከግሪክ ፊደል ነው። ሁለት መቶ ሰባትን ፪፻፯ ብለን እንጽፋለን። ሁለት፣ መቶ፣ ሰባት። ባዶ የሚቀር ቤት የለም፤ ስለዚህም ለባዶ ምልክት አላስፈለገም። ለምዕራፍና ለዘመን ቁጥር ይበቃል፤ ያምራልም። አሁን ግን ፪፻፯ን በ፴፬ አባዙ። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቼን ይህን አዛቸው ነበር። ክፍሉ በመጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ልጅ እጁን ከልሎ ደብተሩ ጥግ ላይ 207 ብሎ ይጽፋል። ጎረቤቱ ያየዋል። መልሱ ሁልጊዜ የሚመጣው ከዚያ ጥግ ነው።

ባዶ ቦታን በምልክት መያዝን ባቢሎናውያንም ያውቁ ነበር፤ የማያ ሕዝቦችም ለብቻቸው ደርሰውበታል። የሂንዱ ሊቃውንት የጨመሩት ባዶውን እንደማንኛውም ቁጥር ማስላት ነው። ብራህማጉፕታ በ628 ሕጉን የጻፈው በገበያ ቋንቋ ነው፤ ከዜሮ በላይ ያለውን ጥሪት፣ ከዜሮ በታች ያለውን ዕዳ ይለዋል። ዕዳና ዕዳ ሲደመር ዕዳ ነው፤ ጥሪትና ዕዳ እኩል ከሆኑ ዜሮ ነው፤ ከዜሮ ላይ ዕዳ ሲቀነስ ጥሪት ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ዛሬም የሚማረው ይህንኑ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል፤ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ብሏል። የእኔ ተማሪዎችም እዚያው ላይ ነበር የሚወድቁት።

ይህ ከሃይማኖቱ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ማዕከላዊ ህንድ ውስጥ ወደ ግዋሊዮር አምባ በሚወስደው አቀበት ላይ ከአለት የተፈለፈለ፣ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው የቪሽኑ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። ግድግዳው ላይ በ876 የተቀረጸ ጽሑፍ ለመቅደሱ ስለተሰጠ የአበባ አትክልት ቦታ ይናገራል፤ ወርዱ 187 ክንድ፣ ርዝመቱ 270 ክንድ፣ ለአምልኮው በየቀኑ የሚቀርበው የአበባ ጉንጉን 50። በ270 እና በ50 መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ዛሬ የምንጽፋት ዜሮ ናት። አንዳንዴ ሳስበው ይደንቀኛል፤ ምንም አለመኖርን የምታመለክተው ምልክት ተቀርጻ የተገኘችው ጉንጉን ሲቆጠር ነው።

ስሟም መንገዱን ይናገራል። በሳንስክሪት ሹንያ፣ ባዶ ማለት ነው፤ ዐረቦች ሲፍር ብለው ተረጎሙት፣ ጣሊያኖች ዜፊሮ አሉት፣ ከዚያ ዜሮ ሆኖ ወደ እኛ መጣ። አርያብሃታ በ499 ስላሰላው የክብ ስሌት፣ ስለ ደቡብ ህንዱ የኬረላ ሊቅ ስለ ማድሃቫም ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ተማሪዎች ከሌብኒትዝ ስም ጋር የሚያውቁት ማለቂያ የሌለው የፓይ ድምር በማድሃቫ ትምህርት ቤት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ለዚህ ነጥብ ግን ዜሮዋ ትበቃለች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከጸሐፊው በተቃራኒ የቆሙትም ያስቸግሩኛል። በ2015 ሙምባይ በተደረገው የህንድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ የጥንት ህንዶች አውሮፕላን ያበሩ ነበር የሚል ጥናት ቀርቦ ነበር። ይህን የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱትን ጽሑፍ የባንጋሎር የሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ገና በ1974 መርምረው፣ የተጻፈው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደሆነና የተገለጹት መሣሪያዎችም መብረር እንደማይችሉ አረጋግጠዋል። ያላደረጉትን አደረጉ ማለት ያደረጉትን ከመካድ የተሻለ አገልግሎት አይደለም፤ እንዲያውም ለእንደዚህ ዓይነቱ ጸሐፊ በር ይከፍታል።

ሁለተኛው ነጥብ «330 ሚሊዮን ጣዖት» ነው። መስገድና አለመስገድ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም። ሐሳብ የለበትም የሚለውን ግን አልቀበልም። ቁጥሩ የመጣው ኮቲ ከሚለው ቃል ነው፤ ቃሉ አሥር ሚሊዮንም፣ ወገን ወይም ዓይነትም ማለት ይሆናል። ጥንታውያኑ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ቬዳዎቹ፣ የሚቆጥሩት 33 አማልክት ነው። ኡፓኒሻዶች ከሚባሉት የቬዳ የፍልስፍና ድርሳናት በአንዱ ውስጥ ደግሞ ያጅናቫልክያ የተባለውን ሊቅ ጠያቂው «አማልክት ስንት ናቸው?» ይለዋል። 3306 ብሎ ይመልሳል። «ይሁን፤ ግን በእርግጥ ስንት ናቸው?» 33። ጠያቂው አይለቅም። ስድስት። ሦስት። ሁለት። አንድ ተኩል። በመጨረሻ፣ አንድ። «አንድ ተኩል» ላይ ሁልጊዜ እስቃለሁ፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የፈተና ክፍል ቀልድ ይመስለኛል።

ይህንን ሁሉ ያቆየው ብራና ሳይሆን አፍ ነበር። እዚህ ላይ የአብነት ተማሪ የነበረ አንባቢ ከማንም በላይ ይረዳኛል። ከቬዳዎቹ አንዱ ሪግቬዳ 1028 መዝሙር አለው፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በቃል ጥናት ነው። ከመምህር አፍ ተቀብሎ፣ ሳያጎድሉ መልሶ ማቅረብ። ስሕተት እንዳይገባ የተማሪው አፍ የሚታሰርበት ዘዴ አላቸው። ሦስት ቃል ካለ ቀጥ ብሎ አያነበንበውም፤ አንድ ሁለት፣ ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሦስት ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለ ወደፊትና ወደኋላ ይፈትለዋል። ከዚያ አንድ ቃል ወደፊት ይሄድና እንደገና ይጀምራል። አንዲት ፊደል ብትሳሳት በሚቀጥለው ዙር ትጋለጣለች። ዩኔስኮ ይህን የቃል ዜማ በ2003 በሰው ልጅ ቅርስነት ያወጀው በከንቱ አይደለም። ድጓውን ቃል በቃል የያዙ መሪጌቶች ባሉበት አገር ይህን ሐሳብ የሌለበት ማለት እንዴት ይቻላል?

ስለ ቤታቸው ሥርዓትም ያየሁትን ልናገር። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ከማድራስ የመጡ ሂንዱ መምህር ነበሩ። በዚያን ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ህንዳዊ መምህር ነበር፤ ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የእኔው ግን ግንባራቸው ላይ አመድ ቀብተው ይመጡ ነበር። ቤታቸው በመንገዴ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ባለቤታቸውን አያቸዋለሁ። ደጃፉን ጠርገው፣ ውኃ ረጭተው፣ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው የሩዝ ዱቄት ያንጠባጥባሉ። መጀመሪያ ነጥቦች በረድፍ፤ ከዚያ ነጥቦቹን እየዞረ፣ እየተጠላለፈ፣ ሳይቋረጥ ተመልሶ መነሻው ላይ የሚገጥም አንድ መስመር። ኮላም ይሉታል። ጉንዳን ይበላዋል፣ ዶሮ ይጭረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ግማሹ የለም። አንድ ቀን መምህሬን «ለምን አይከልሉትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጉንዳኖቹም እንግዳ ናቸው አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብዕር ሳይነሣ ስለሚሣል መስመር ስማር ያ ደጃፍ ትዝ አለኝ። እኚያ ሴት ያለ ቀመር በየማለዳው ሲሠሩት ነበር።

ስለ ዮጋ ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ተራ ስፖርት» እና «የአምልኮ ወጥመድ» ብለውታል። ሁለቱንም ሊሆን አይችልምና አንዱን ይምረጡ። የፓታንጃሊ የዮጋ ድርሰት ወደ 200 የሚጠጉ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሐሳብን ስለመግራት ነው። ዛሬ በየአዳራሹ የሚሠራው እንቅስቃሴ ብዙው በ20ኛው መቶ ዘመን ማይሶር ላይ የተቀናበረ ነው። ያም ሆኖ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 ለእርሱ ቀን ሲቆርጥለት አገሮቹ «ተራ ስፖርት ነው» ብለው አልነበረም።

«ከድንበር አልወጣም» የሚለው ግን አስቆጣኝ። የካምቦዲያን ባንዲራ ይመልከቱ። መሐሉ ላይ ያለው ሕንፃ አንግኮር ዋት ነው፤ በ12ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ሱርያቫርማን ዳግማዊ ለቪሽኑ ያሠራው፣ በስፋቱ በዓለም ላይ አቻ የሌለው መቅደስ። ከህንድ እስከዚያ ያለው ርቀት ቀላል አይደለም፤ የሄደውም በጦር ሳይሆን በነጋዴና በካህን ነው። ኢንዶኔዥያ በዓለም ላይ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት አገር ናት፤ የመንግሥቷ አርማ ግን ጋሩዳ ነው፣ የቪሽኑ ንስር። የባሊ ደሴት ሕዝብ ዛሬም አብዛኛው ሂንዱ ነው። የታይላንድ የጥንት ዋና ከተማ አዩትያ ስሟን የወሰደችው ሂንዱዎች ከሚያመልኩት ጀግና ንጉሥ ከራማ ከተማ፣ ከአዮድያ ነው።

ሌላው ጉዞ በመርከብ ሆድ ውስጥ፣ በውል ጉልበት ነው። እንግሊዞች ባርነትን ሲያስቀሩ ለሸንኮራ እርሻው ሰው አጡና ከ1834 ጀምሮ ህንዳውያንን ወደ ሞሪሺየስ፣ በኋላም ወደ ጉያና፣ ትሪኒዳድና ፊጂ አጋዙ። እነዚያ ሰዎች ጓዝ አልነበራቸውም፤ የያዙት መብራት የማብራት በዓላቸውንና የራማን ታሪክ ነው። ሞሪሺየስ ላይ ዛሬ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ሂንዱ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው ከመጣን ደግሞ፣ እዚያ የሚሠሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን አቡ ዳቢ ከተማ አጠገብ በየካቲት 2024 የተመረቀውን ባለ ሰባት ጉልላት የሂንዱ ቤተ መቅደስ ያውቁታል፤ ጉልላቶቹ ሰባት የሆኑት ኤሚሬቶቹ ሰባት ስለሆኑ ነው። መሬቱን የሰጡት የአገሩ ገዢ ናቸው።

አምስተኛው ላይ ጸሐፊው እውነት ይዘዋል፤ አልሸፋፍነውም። የዘር መደብ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ከጉድጓድ ውኃና ከመቅደስ ደጃፍ አርቋል። የሃይማኖት መጻሕፍትም ተጠቅሰውለታል። ሕጉ ከጠፋ በኋላ እንኳ ልማዱ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከግማሹ ቆርጠውታል። በ14ኛው መቶ ዘመን ቾካሜላ የተባለ፣ ከ«የማይነኩት» ወገን የተወለደ ባለቅኔ ነበር፤ ፓንዳርፑር መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ከውጭ ሆኖ ለዚያው አምላክ ዘመረ፤ መዝሙሩ ዛሬም ይዘመራል። ከዚያው ወገን የተወለደው አምቤድካር በ1950 ሥራ ላይ የዋለውን የህንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ መራ፤ 17ኛው አንቀጽ አለመነካካትን ይሽራል። እርሱ ራሱ ግን አልበቃውም፤ በ1956 ናግፑር ላይ ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ። ይህን የሂንዱ ማኅበረሰብ ሊያስብበት ይገባል፤ እያሰበበትም እየተጣላበትም ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልሰሙት የሚመስለኝ ታሪክ አለ። በ1794 አንድ የለንደን መጽሔት ያልተለመደ ወሬ ይዞ ወጣ። ለእንግሊዝ ጦር የበሬ ጋሪ የሚነዳ ሰው በደቡብ ህንዱ ገዢ በቲፑ ሱልጣን ወታደሮች ተማርኮ አፍንጫው ተቆርጦ ነበር። ፑና አቅራቢያ አንድ ሰው ከግንባሩ ቆዳ ቀዶ፣ አዙሮ፣ አፍንጫ ሠራለት። በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው የጥንት የሕክምና ድርሰት ከጉንጭ ቆዳ ስለሚሠራ አፍንጫ ይገልጻል፤ ሙያው ከዚያ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ ኖሯል። ካርፑ የተባለ የለንደን ሐኪም ወሬውን አንብቦ ለዓመታት ካጠና በኋላ በ1814 ራሱ ሞከረውና ተሳካለት፤ ዛሬ ፊትን መልሶ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና አንድ ሥሩ እዚህ ነው። የፑናው ሰው ማን ነበር? ሸክላና ጡብ ከሚሠሩት ዝቅተኛ መደብ የተወለደ። ጸሐፊው መደቡን ሲያወግዙ መደቡ የረገጣቸውን ሰዎች ሥራም አብረው ሰርዘዋል። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ቡዳ እያልን ኖረን፣ ምጣዳችንና ማረሻችን ግን ከእነርሱ እጅ የወጣብን እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም።

በመጨረሻም «ከእኛ ጋር አይተዋወቁም» ይላሉ። በ1ኛው መቶ ዘመን ግሪክኛ የጻፈ አንድ መርከበኛ አዱሊስ ወደብ የሚራገፈውን ዕቃ ሲዘረዝር የህንድ ብረትና የህንድ የጥጥ ጨርቅ ይጠራል። በገመድ ተስበው የሚወጡት ደብረ ዳሞ ላይ በ1940 ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል፤ የሰሜን ህንድ የኩሻን ነገሥታት ገንዘብ ነው። ከእነዚያ አንዱ የቪማ ካድፊሴስ ሳንቲሞች ጀርባ ላይ ባለ ሦስት ጣት ጦር የያዘ አምላክ ቆሟል፤ ብዙ ምሁራን ሺቫ ነው የሚሉት። ሶኮትራ ደሴት ላይ ያለው የሆቅ ዋሻም አለ። የህንድ መርከበኞች በብራህሚ ፊደል ስማቸውን ጽፈውበታል፤ ከመካከላቸው የባሩች ወደብ ሰዎች ነን የሚሉ አሉ። በዚያው ዋሻ ውስጥ የአክሱም ሰዎችም በራሳቸው ፊደል ጽፈዋል። ጨለማ ውስጥ ችቦ ይዘው አንድ ግድግዳ የተካፈሉ ሰዎች አይተዋወቁም?

ከዋሻ ወደ ማጀት እንምጣ። ስኳር የምንለው ሻርካራ ከሚለው የሳንስክሪት ቃል በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ ነው፤ ዝንጅብልም በዚያው መንገድ መጥቷል። ቁንዶ በርበሬ ተክሉ ራሱ የኬረላ ተወላጅ ነው።

አንድ ሌላ ቃልም አለ። ህንዶች በስልሳ አራት ቤት ላይ የሚጫወቱትን የጦር ጨዋታ ቻቱራንጋ አሉት፤ አራት ክፍል ማለት ነው፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፣ ዐረቦች ሸጥረንጅ። እኛ ዘንድ ሲደርስ የመኳንንት ጨዋታ ሆነ። ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ፣ ጠጠሩ ከቀንድ ወይም ከዝሆን ጥርስ ተቀርጾ። አጀማመሩን የራሳችን አደረግነው፤ ተራ የለም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ይነዳሉ፤ ወረራ ይባላል። ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ጨዋታውን አይቶ ጽፏል፤ ተመልካቹ ሁሉ እየጮኸ ይመክር ነበር። ጨዋታው ዛሬ ቼዝ በሚል ስም ተመልሶ መጥቷል። የድሮው ስም ግን አልሞተም፤ መስመር የተሰመረበትንና ቤት ቤት የወጣለትን ነገር ሁሉ እንጠራበታለን። የማባዣውን ሰሌዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት በዚያ ስም ነው። ሰንጠረዥ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ የጸሐፊውን ሰንጠረዥ እንደገና ከፈትኩት። በሂንዱ ትይዩ ያለውን ቤት አየሁ። ቀይ ስክሪብቶ ይዤ ከ0 ሌላ ምን ልጻፍበት ብዬ ጥቂት ቆየሁና እንዳለ ተውኩት።